«መካከለኛ» ለማን?

የቴሌግራም ቻናል የሚያገላብጥ ሰው ፖስተሩን ያውቀዋል። ከላይ የተራራ ፎቶ አለ። ብዙ ጊዜ የሚኬድበት ተራራ አይደለም፤ በረዶ የለበሰ ተራራ የለጠፉም አይቻለሁ። ከሥሩ ቀኑና ዋጋው ይከተላሉ፣ «ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃና ፎቶግራፈርን ያካትታል» የሚል መስመር፣ የቴሌብር ቁጥር፣ «ያለን ቦታ ውስን ነው፣ ፍጠኑ» የሚል ማጣደፊያ። ጥግ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «የጉዞው ደረጃ፦ መካከለኛ» ይላል።

ጠቤ ከዚች ቃል ጋር ነው። ፖስተሩ ላይ ካለው ሁሉ ሰው ሊጎዳ የሚችለው በእሷ ብቻ ነው። ዋጋው ከተወደደብህ ትተወዋለህ። ምሳው ከከፋ ርቦህ ትመለሳለህ፣ በቃ። «መካከለኛ» ግን «ትችላለህ» ማለት ነው። አይተውት ለማያውቁት ሰው፣ ብር አስገብቶ ስሙንና የቲሸርት ቁጥሩን ብቻ ለላከ ሰው፣ ትችላለህ እያሉት ነው። ማን ለክቶት? በምን?

የምኖረው ዱከም ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር። አብዛኛው ሰው ከተማችንን የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በሥጋ ቤቶቿና ቻይናዎች በገነቡት የኢንዱስትሪ ዞን። ሦስተኛውን ነገር ለማየት ቀና ማለት ይፈልጋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል የረር ቆሟል። ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ደመና ከመሸከም በቀር ሥራ ያለው አይመስልም። ጫፉ 3,100 ሜትር ገደማ ነው።

እሁድ እሁድ የሚመጡትን እናያቸዋለን። ኮስተሩ አስፋልቱ ዳር ሲቆም ሰዓቱ አራት፣ አንዳንዴም አራት ተኩል ሆኗል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆች እየተንጠራሩ ይወርዳሉ፣ ስፒከር ይከፈታል፣ ቁርስ ይበላል። ከዚያ ገንዘቡን የሰበሰበው ሰውዬ ወደ ባጃጅ ተራው ይመጣና «ብሮ፣ የረር የሚወጣው በየት በኩል ነው?» ይላል። ይህን በጆሮዬ የሰማሁት አንዴ ብቻ አይደለም። መንገድ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ከእቅዱ ሁሉ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ግን በዕለቱ፣ ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ፣ ሠላሳ ሰው ከኋላው አስከትሎ መንገዱን የሚጠይቅ ሰው «መካከለኛ» የሚለውን ደረጃ ከየት አመጣው?

እስቲ እናስላው። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ደንብ አለ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዛለህ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። ዱከም ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ እስከ ጫፉ ያለው ሽቅብ 1,150 ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እግር ግን በቀጥታ መስመር አይሄድምና ደርሶ መልሱን ቢያንስ 22 እንበለው። ለርቀቱ ወደ አራት ሰዓት ተኩል፣ ለሽቅቡ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሲደመር ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ይህ ታዲያ ሳይቀመጡ፣ ሳይበሉ፣ የተበጠሰ ጫማ ሳያስሩ፣ ፎቶ ሳይነሱ ነው፤ ያውም በለመደ እግር። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ለዋለ ሰው፣ ለዚያውም ሠላሳ ሆኖ ለሚሄድ፣ ግማሹን ያህል ጨምርበት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ይሄ መካከለኛ ከሆነ ከባዱ ምን ሊሆን ነው?

ሜዳውን በባጃጅ ወይም በጋሪ አልፈህ ከተራራው እግር ብትጀምር ግን ሌላ ጉዞ ይሆናል። የእግር መንገዱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከሽቅቡም የተወሰነው ይቀነሳል፣ እረፍቱ ተጨምሮበት እንኳ ስድስት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ለጤነኛ ሰው እውነትም መካከለኛ ነው። ያው ተራራ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰው። የተለወጠው ከመኪና የት ወረድን የሚለው ብቻ ነው። ፖስተሩ ቁርስ ምን እንደሚበላ ይነግረናል፤ የት እንደሚጀመር ግን አይነግረንም።

ሰውስ? አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው የሚተኛው፤ የየረር ከፍታ ትንፋሹን ቢያሳጥረው እንጂ ራሱን አያዞረውም። አጠገቡ የተቀመጠችው ከአዳማ የመጣች ልጅ ግን ከ1,700 ሜትር አካባቢ ነው የተነሳችው። ከኋላ ወንበር ያለው ደግሞ ለዕረፍት ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው፤ ከአምስት ቀን በፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም።) የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊከሰት ይችላል፤ ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ነው። አስም ያለበት አለ፣ ጉልበቱን የተቀጠቀጠ አለ፣ ቁርስ ሳይበላ የወጣ አለ። ለነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ተጽፎላቸዋል። «የጤና ችግር አለባችሁ?» ተብሎ ያልተጠየቀበት ጉዞ ለማንም አልታቀደም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነውና። «12፡30 ከመስቀል አደባባይ እንነሳለን» ይላል ፖስተሩ። 12፡30 ላይ የሚገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ አዘጋጆች። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው አልጋው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ይሞላል፣ ሁለት ተኩል ይሆናል፣ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ይባላል። ሰዓት አክብሮ የመጣው ሰው በገዛ ገንዘቡ ተቀጣ ማለት ነው። ዱከም አራት ሰዓት። ቁርስ። ተራራው እግር አምስት ሰዓት። ሽቅቡ የሚጀመረው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረሩ አሥር በመቶ ያህል እየጠነከረ እንደሚሄድ ሳንረሳ። ጫፉ ላይ ስምንት ተኩል፣ ዘጠኝ። ፎቶ፣ ድሮን፣ ጭፈራ። አሥር ሰዓት ላይ ቁልቁለቱ ይጀመራል፤ የደከመ እግር የሚሰበረው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ 12 ሰዓት ከአሥር ገደማ ትጠልቃለች። እኛ አገር ምሽት እንደ አውሮፓ በጋ ረጋ ብሎ አይመጣም። ጠለቀች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ።

አንድ ጉዞ ታቅዷል የምለው የሚመለስበት ሰዓት ከመነሳቱ በፊት የተቆረጠ እንደሆነ ነው። የመነሻ ሰዓት ሁሉም ይጽፋል። የመመለሻ ሰዓት ማለት፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረንም፣ ዓይናችን እያየው እንዞራለን ማለት ነው። ይህን ፖስተሩ ላይ የጻፈ አዘጋጅ እስካሁን አላየሁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሸጠው ጫፉ ነዋ። ጫፍ የከፈለ ሰው ጫፍ ይፈልጋል። አዘጋጁም ሰው ሲደክም አይቶ «በርታ፣ ደርሰናል» ይላል። «ደርሰናል» ተራራ ላይ ከሚነገሩ ውሸቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ሲበላሽ የሚከፍለው ማነው? ስሙን የማልጠራው አንድ ቡድን ታኅሣሥ ላይ መጥቶ አንዲት ልጅ ቁልቁለቱ ላይ ቁርጭምጭሚቷን አጠፈች። 12 ሰዓት አልፎ ነበር። ጫማዋ ለካፌ የተሠራ ስኒከር ነበር፤ እሷን አልወቅስም፣ «ምን ልልበስ?» ብላ ጠይቃ «የሚመችሽን» ነው የተባለችው። ባትሪ የያዘ አልነበረም፤ የስልክ መብራት ነው ያላቸው፣ ስልኩም ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ ውሎ አልቋል። 907 ደውለህ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ልትጠራ ትችላለህ። አምቡላንስ ግን መንገድ እስካለበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አምቡላንስ ቃሬዛ ነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መሀሉ ላይ ጋቢ፣ አራት ትከሻ። ትከሻዎቹ የገበሬዎች ነበሩ። አንደኛው ጤፍ ሲወቃ ውሎ በሬዎቹን አውድማው ላይ ለትንሽ ልጁ ትቶ ነው የመጣው። በጨለማ፣ ድንጋይ እየረገጡ፣ ባጃጅ የሚደርስበት ድረስ አወረዷት። በማግስቱ የቡድኑ ገጽ ላይ የጫፉ ፎቶ ወጣ፤ እጆች ተዘርግተው፣ ልቦች ተደርድረው። ስለ አራቱ ሰዎች አንድ መስመር አልነበረም።

የሌላው ሰው ትከሻ በእቅድህ ውስጥ ካለ፣ ቀድመህ ንገረው። ለዚህ ነው ከላይ መንገድ መጠየቅ ዋናው ሥራ ነው ያልኩት። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሰው ዱከም መጥቶ፣ የተራራውን እግር የሚያውቅ አንድ የአካባቢ ሰው ቢያገኝ፣ ተነጋግሮ የቀን አበሉን ቢከፍለው፣ ሠላሳ ሰው እሁድ እንደሚመጣ መንደሩ ቢያውቅ፣ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ያ ሰው የትኛው መንገድ ሸርተቴ እንደሆነ፣ የማን ውሻ ገመድ እንደማያውቅ፣ ጅቡ በየት በኩል እንደሚወርድ ያውቃል። አሁን እየሆነ ያለው ምንድን ነው? ከብት የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ ከፊት ይደረግና ሲጨረስ ግማሽ ሃይላንድ ውሃና አንድ ብስኩት ይሰጠዋል። ከዚያ «ከሎካል ጋይድ ጋር» ተብሎ ይለጠፋል።

ይህን ስል ዘመናዊ ነገር እየሰበክሁ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ «ፈረንጅ ነው እንዲህ የሚያቅደው፣ እኛ ደስታ ፈልገን ነው የምንሄደው» የሚል። እንዴ! ተራራ መውጣት ሃይኪንግ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት እዚህ አገር ያልነበረ ይመስል። ከዱከም ወደ ደቡብ ሲያዩ ዝቋላ አለ፤ 2,989 ሜትር፣ ጫፉ ላይ ሐይቅ፣ ሐይቁ አጠገብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። በጥቅምትና በመጋቢት 5 አቦን ለማንገሥ ስንት አሮጊት ነው ያን ተራራ በእግሯ ስትወጣ የኖረችው? እቅዷን ተመልከቱ። ሌሊት ትነሳለች፤ ሽቅቡን በብርድ ትጨርሰዋለች። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛለች፤ የማይበላሽ፣ የማይከብድ፣ ልጣጭና ላስቲክ የሌለው። ዱላ አላት፤ ለጉልበቷም ለውሻውም። ጋቢዋ ታጥፎ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ከታች በሰባት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ማንም አልነገራትም፣ ግን ታውቀዋለች። ብቻዋን አትሄድም። አብረዋት ያሉትም የሚሄዱት በእሷ ፍጥነት ነው እንጂ በጎረምሳው አይደለም። ኦሮሞውም በበልግ መግቢያ ተራራ ላይ ወጥቶ ፈጣሪውን ሲለምን፣ ኢሬቻ ቱሉ በሚባለው ማለት ነው፣ ሽማግሌ ከፊት ነው፣ እርጥብ ሣር በእጅ ነው፣ የሚቸኩል የለም። ቀስ ብሎ መሄድን ከማንም አልተዋስነውም። ቡድኑ በደካማው ሰው እግር ልክ መሄዱ የአያቶቻችን ደንብ ነበር፤ ከተማ ገብተን ነው የጣልነው።

ስለ ዝቋላ ካነሳሁ ሌላውንም ልበል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ያሳፍረኛል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዚያ ገዳም አባቶች ታፍነው ተወስደው አራቱ ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያን ሐዘኗን ገለጸች፣ አገሩ ሰማ፣ ጊዜው ሄደ። የጉዞ ፖስተሮች ግን ምንም እንዳልሆነ ቀጠሉ። ተራራችን ለዘላለም ይዘጋ የምል አይደለሁም። ግን «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ በዚህ ዘመን የእቅዱ የመጀመሪያ መስመር መሆን አለበት፤ ጥያቄውም የሚጠየቀው ፌስቡክ ላይ አይደለም። «ካራን ነጋዳ?» ብለህ ከዚያው ከመንደሩ ሰው፣ በዚያው ሳምንት፣ ከመነሳትህ በፊት ባለው ማታም ደግመህ ትጠይቃለህ። መልሱ ትንሽ ካመነታ ጉዞው ቀረ። ገንዘቡ ይመለሳል። «አይመለስም» የሚል አዘጋጅ ካለ፣ በሰው ነፍስ ላይ ቀብድ ወስዷል።

ወቅቱም ቀልድ አይደለም። የዱከም ሜዳ ዋልካ ነው፤ ያ ጥቁር አፈር። በክረምት አንድ እርምጃ ስትራመድ ጫማህ ሁለት ኪሎ ይሆናል፣ ሁለተኛው ላይ ጫማው ይቀራል። ሲደርቅ ደግሞ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ይሄው አፈር ግን የአድአን ጤፍ የሚያበቅል አፈር ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ፎቶ ያስመኛል፣ አውቃለሁ። ልጆች ማሳው መሀል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ይነሳሉ። ጤፍ ሲረገጥ ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ እንደ ሣር ተመልሶ ቀጥ አይልም። ያ ሰው የዓመት እንጀራው ነው። ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ከጥር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእግርም ለማሳም የተሻለ ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ማለዳው ብርዳም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ባዶ ሃይላንዱን ይዞ መውረድን ልጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልተጻፈ እንደማይደረግ አይቻለሁ። ከዓመት በፊት የተጣለውም እስካሁን ባሕር ዛፎቹ ሥር አለ።

የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ወጣቱ ከቤቲንግ ቤትና ከጫት ቤት ወጥቶ ተራራ ቢወጣ ምን አስከፋህ?» ምንም አላስከፋኝም። ደስ ይለኛል። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የምፈልገው ብዙ ሰው እንዲወጣ ነው። መጀመሪያ ቀን የተሰቃየ ሰው ግን ሁለተኛ አይመጣም። ከመጀመሪያ ጉዟቸው በኋላ «ሃይኪንግ ለእኔ አይሆንም» የሚሉ ስንት ልጆች አውቃለሁ! ችግሩ የእነሱ አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘው፣ በጎረምሳ ፍጥነት ተነድተው ነው። ለሽቅብ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ ለስድስት ሰዓት ሦስት ሊትር። «ውሃን ያካትታል» የሚለው ፖስተር የሚሰጠው አንድ ሃይላንድ ነው። ልጁ ደክሞ አይደለም የቀረው፣ ደርቆ ነው።

«እቅድ ሲበዛ ደስታ ይጠፋል» የሚለውም አይገባኝም። ደስታው የጠፋው ጨለማ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲጣራ ነው፣ ወይስ በዘጠኝ ሰዓት ወርዶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ዱከም ላይ ቁጭ ብሎ ጥሬውን ሲያወራርድ? ሥጋ ቤቶቻችን ለዚህ ዝግጁ ናቸው። ይሄንንም ልንገራችሁ፤ ጉዞዎቹ ከተማችን ላይ የሚጥሉት ገንዘብ እዚያው አስፋልቱ ዳር ነው የሚቀረው። ወደ ተራራው እግር አይወጣም። ቃሬዛው ያለው ግን እዚያ ነው።

ጫማ እየተባለም ብዙ ይወራል። በ2004 ዓ.ም. እዚህ ዱከም ውስጥ ሁአጂያን የሚባል የቻይና ኩባንያ ለውጭ ገበያ ጫማ መሥራት ጀመረ። የከተማችን ልጆች እጅ የነካው ጫማ አሜሪካ ሄዷል። የየረር ገበሬ ግን የሚወጣው በኮንጎ ጫማ ነው፣ ከእኛም ይፈጥናል። ስለዚህ ውድ ቡትስ ካልገዛሁ አልሄድም አትበሉ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁልቁል ስትወርድ ጣትህን የማይመታ፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተራመድክበት ጫማ ይበቃል። አዲስ ጫማ ለብሶ ተራራ መምጣት ግን አሮጌ ጫማ ለብሶ ከመምጣት ይብሳል።

ከፋብሪካው ልጆች አንዷን «የረር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብያት ነበር። ሳቀች። በየቀኑ በመስኮት ታየዋለች። ያላት ቀን እሁድ ነው፤ እሁድ ልብስ ይታጠባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፣ እንቅልፍ ይከፈላል። ለእሷ የተለጠፈው ዋጋ የስንት ቀን ደመወዟ እንደሆነ አስልታ ነገረችኝ፤ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን «መካከለኛ» አልነበረም። ተራራው ከደጇ ነው ያለው! ባጃጅ በአራት ሰው ተካፍሎ፣ ቆሎና ዳቦ ከቤት ይዞ፣ የመንደሩን ሰው ከፍሎ የሚኬድ ጉዞ ኮስተርም ፎቶግራፈርም አይፈልግም። ይህን የሚያዘጋጅላት የለም፤ ትርፍ የለበትማ። ስለዚህ ቃሉ በሁለት መንገድ ነው የሚዋሸው። አቅም ለሌለው እግር «ትችላለህ» ይላል፤ አቅም ላለው እግር ደግሞ በሩን በዋጋ ይዘጋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ብር ከማስገባታችሁ በፊት አዘጋጁን በውስጥ መስመር ጠይቁት። ከየት ነው በእግር የምንጀምረው? ጠቅላላ ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ደረስንም አልደረስንም፣ የምንዞረው? ከኋላ የሚቀረው ሰው ማን ነው፣ ማለትም ከመጨረሻው ሰው ጋር የሚሄደው? ከመንደሩ ማን ያውቀናል? አንድ ሰው መራመድ ቢያቅተው ማን፣ በምን፣ እስከ የት ያወርደዋል? «አታስቡ፣ ፋሚሊ ነን» ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ፋሚሊማ እናት «ጃኬት ያዝ» የምትልበት ነው።

ወይም ደግሞ ራሳችሁ ኑ። አራት አምስት ሁናችሁ፣ ቅዳሜ፣ የሚቀድመውን ሰው ላለመጠበቅ ተስማምታችሁ፣ የሚዘገየውን ግን ለመጠበቅ ተማምላችሁ። ሰው አስቀድማችሁ በስልክ አናግሩ። ማታ ውሃችሁን ሙሉ፣ ባትሪ፣ ፋሻና ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ቤት ለሚቀር ሰው ንገሩ። ከቃሊቲ የመጀመሪያዎቹን ሚኒባሶች ያዙ፤ በፈጣን መንገዱ ሳይሆን በአሮጌው መንገድ፣ በአቃቂና በገላን በኩል የሚመጡትን። ዱከም ስትወርዱ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ሻይ ቤቶቹ ተከፍተዋል፣ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፣ የረር ደመናውን ገና አላወለቀም። መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው ሁሉ «አካም ቡልታኒ» በሉ። ከጥያቄው በፊት ሰላምታው ይቅደም።